አውራ ጣት የሚመርጠው ቲማቲም

ጉልት ወርዶ ቲማቲም የሚገዛ ሰው ሁሉ ሆድ እንደሚመረምር ሐኪም ነው። አንዱን ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፣ ፊቱን ያጨፈግጋል፣ ይመልሰዋል። ቀጣዩንም እንዲሁ። ሻጯ ፌስታሏን ከፍታ ትጠብቃለች። ትዕግሥቷ ሲያልቅ «እትዬ፣ እየመረጡ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ትላለች። «ኧረ ምን መረጥኩ? አየሁት እንጂ!» ይሏታል። የታየው ቲማቲም ከምሽት በፊት በየአውራ ጣቱ ልክ ይሰረጉድና «የስልስ» ተብሎ ለብቻ ይቆለላል፤ በረከሰ ዋጋም ይሸጣል። በማግሥቱ እኚያው እትዬ ይመጡና ያንን ቁልል አይተው «ይሄን ሁሉ የተበላሸ ከየት ሰበሰብሽው?» ብለው ይቆጣሉ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ ጠንካራ ጠንካራውን መርጠው ቤታቸው ይገባሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለብ ለብ ሠርተው ይቀምሱና «ወይ የድሮ ቲማቲም! የዛሬውማ ውሃ ነው» ይላሉ። ጥፋተኛው ወዲያው ይገኛል፤ ማዳበሪያው ነው። ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መዓዛውን መሥራት እንደሚያቆም የሚነግራቸው የለም። ፍሪጁ አይጠረጠርም፤ ውድ ዕቃ ነዋ!

መቂና ዝዋይ ያለው ገበሬ ደግሞ የእትዬን አውራ ጣት ከሩቅ ያውቀዋል። ማሳው ድረስ የሚመጣው ነጋዴ ቲማቲሙን አይቀምስም፤ የሚጠይቀው መኪናውን ይችል እንደሆነ ነው። በእንጨት ሳጥን ታጭቆ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተጭኖ፣ በየጉድጓዱ እየዘለለ አዲስ አበባ የሚገባ ቲማቲም ከጣፋጭነት በፊት ወፍራም ሥጋና ጠንካራ ልጣጭ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ገበሬው ሥጋው የሚወፍረውን ድቃይ ዘር በውድ ይገዛል፣ ሳይቀላም ይለቅማል። ሳጥኑ ሲሞላ ያማረው ከላይ፣ ሌላው ከታች ይሆናል። ይሄን ብልሃት ግን ከማንም ምርምር አልተማረውም።

ምርምሩስ የለም እንዳይባል፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል «መልካ ሾላ»ን፣ «መልካ ሳልሳ»ንና ሌሎችንም የቲማቲም ዝርያዎች አውጥቷል። እስቲ ከመካከላችን የአንዱን እንኳ ስም ጠርቶ የገዛ ማን ነው? ለጤፍ «የአድአ ነው?» እንላለን፣ ለቅቤ ሸኖን እንጠራለን፣ ቡና ሲሆን ይርጋጨፌና ሐረርን እናማርጣለን። ቲማቲም ጋ ስንደርስ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ስንት ነው?» ስም የሌለው ዕቃ በስሙ ተጨማሪ ብር አያመጣም። ጣፋጩን ያመረተውም ውሃውን ያመረተውም እኩል ከተከፈላቸው፣ ጣፋጩን የሚያመርተው ለጽድቅ ካልሆነ ለምን ብሎ ነው?

ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ ሞኝነት አይደለም። ባሕር ማዶ ያሉ ዘር አሻሻዮች፣ ገዢ ሙሉ በሙሉ እኩል የቀላውን ይወዳል ብለው፣ ቲማቲም ሳይበስል ትከሻው ላይ የሚታየውን ጥቁር አረንጓዴ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠፉ ኖሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ያ አረንጓዴ ትከሻ ለፍሬው ስኳር ይጨምርለት እንደነበር አሳየ። ዓይን የሚጠየፈውን አጠፉለት፤ ምላስ የሚፈልገውም አብሮ ሄደ። እኛም ዛሬ ትከሻው ያልቀላውን «ጥሬ ነው» ብለን እንመልሳለን።

የቃሪያ ፍላጎታችንንማ ማንም ዘር አሻሻይ አይችለውም። «የሚያቃጥል ስጪኝ፣ ግን ብዙ የማያቃጥል!» ሰላጣ ሲሆን ደግሞ ውሃ የተረጨበትና የሚያብረቀርቀው ይመረጣል። ውሃው ከየትኛው ወንዝ እንደተቀዳ ግን የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ የነበረብን እሱን ነበር፤ በተበከለው አቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን አትክልት ስናስብ በተለይ።

እንግዲህ እትዬም ጋሼም፣ ነገ ጉልት ስትወርዱ አውራ ጣታችሁን ኪሳችሁ ክተቱና «ይሄ የየት ነው? ዘሩስ ምን ይባላል?» በሉ። ሻጯ መጀመሪያ ትስቅባችኋለች። ጠያቂው ሲበዛባት ግን ነጋዴውን ትጠይቃለች፤ ነጋዴውም ገበሬውን ይጠይቃል።