ባለ ታሪኩ ሲንጀር

በኢሉባቦር ያገለገለ የጫማ መስፊያ መኪና የሚሸጥ ሰው ስለ ስፌቱ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ስለ ዘሩ ነው፤ ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በእነማን እጅ እንዳለፈ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ እንኳ እንዲህ ተጨንቆ ሰባት ቤት አይቆጥርም። ገዢውም ራሱን እየነቀነቀ በጨዋ ደንብ ያዳምጣል፤ ታሪኩ ሲያልቅ ቀብድ ይከፍላል።

መቱ ላይ ደጋግሜ የሰማሁት የትውልድ ሐረግ የሚጀምረው ከባሮ ወንዝ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ በመርከብ የመጣ ነው!» ይላል ሻጩ፣ መርከቡን አሁን ሸኝቶ የተመለሰ ይመስል። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎሬ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና ዋና የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። ቡናው በአጋሰስ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል፤ መርከቡም ሲመለስ ጨውና ጨርቅ፣ ሌላም ሌላም ሸቀጥ ይዞ ይመጣል። ግሪኩም ሶሪያዊውም ጎሬ ላይ ይነግድ ነበር። አንድ ሲንጀር በዚያ መንገድ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሻጮቻችንን አፍ ካመንን ግን ያ መርከብ ከሲንጀር በቀር ሌላ ጭነት ይዞ አያውቅም።

ዋጋ ተጠርቶ ገዢው ፊቱን ያጨለመ እንደሆነ ታሪኩ ከንግድ ወደ አርበኝነት ይሻገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ፣ ራስ እምሩም ደርሰዋል፤ ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሻጭ «የራስ እምሩ ጦር ጫማ የተሰፋው በዚህ ነው» ቢላችሁ ማን ይክደዋል? መኪናው ራሱ ይክደዋል። ገላው ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ሲንጀር በስኮትላንድ ክላይድባንክ የሠራቸው አብዛኞቹ መኪናዎች ከቁጥራቸው በፊት ፊደል አላቸው፤ በ«ኢ» የሚጀምሩት ባለ ሁለት ፊደሎች እ.ኤ.አ. ከ1935 ወዲህ የመጡ ናቸው፣ የኋለኞቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ። እኔ ያየሁት፣ አርበኝነቱ የተመሰከረለት መኪና ከእነዚህ ከኋለኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ደግሞስ የዚያን ዘመን ዘማች አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው የተዋጋ፤ ምኑ ሊሰፋለት?

ከታሪክ ቀጥሎ የሚመጣው ዜግነት ነው። መቱ ውስጥ ጥሩ ብረት ሁሉ ጀርመናዊ ነው። ይኼም ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ካርልሃይንዝ በም በኢሉባቦር ብዙ ሠርቷል፣ ትልቁ ሆስፒታልም እስከ ዛሬ መቱ ካርል ነው የሚባለው። በእንዲህ ያለ አገር «ጀርመን» ማለት «የማይሰበር» ማለት ቢሆን አልፈርድም። ፋፍ የሚባለው የመስፊያ መኪና ጀርመናዊ ነው፤ አድለርም ጀርመናዊ ነው፤ እስከዚህ እውነት ነው። ከዚያ ሲንጀርም ጀርመናዊ ይሆናል። አሜሪካዊ ኩባንያ ስኮትላንድ ውስጥ የሠራው፣ ስሙ ላይ ያለችው «ኬ» እንኳ ኪልቦዊ ከተባለው የክላይድባንክ ፋብሪካ የመጣችለት ሃያ ዘጠኝ ኬ የተባለው ሲንጀር፣ በአንድ ትንፋሽ ዜግነቱን ይቀይራል። አንድ ጊዜማ የቻይና ጽሑፍ በግልጽ የተቀረጸበት ባለ እጅ መዘውር መኪና «ጀርመን ቻይና ውስጥ ያሠራችው» ተብሎ ሲሸጥ ሰምቻለሁ። ገዢው ረክቶ ሄደ።

ዋጋ ካነሣሁ ዶላርን ሳላነሣ አላልፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ቢወደድ ይገባኛል። ነገር ግን ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም ጎሬ ቁጭ ብሎ የሸኘ መኪና ምን ቤት ነው? እሱም አብሮ እጥፍ ሆነ። «ዶላር ጨመረ እኮ ጋሼ፤ እኔ ምን ላድርግ?» መኪናው በዶላር ቀለብ የሚሰፈርለት ይመስል! የገረመኝ የሻጩ ነገር አይደለም፤ ሻጭ ሻጭ ነው። የገረመኝ ገዢው ነው፤ «እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ዶላሩ አስቸገረን» ብሎ አብሮት አዘነ።

ከዶላርም በላይ ግን የኢሉባቦር ገበያ የሚታዘዘው ለቡና ነው። ቡናው ተለቅሞ ብር እጅ ሲገባ ሁሉም ገዢ ነው፤ ባለ ሱቁ፣ መምህሩ፣ በሕይወቱ ወስፌ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ «አንድ የቆዳ ሥራ ልጀምር» ይላል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲያውል፣ የልጅ ደብተርና የቤት ኪራይ ሲደራረብ፣ ሁሉም ሻጭ ይሆናል። አንዱ መኪና በጥር መቱ ይገዛል፣ በሐምሌ ለሁሩሙ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያዮ ይታያል፣ ከዚያ በደሌ ደርሶ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ጥንድ ጫማ አልሰፋም። ለደላላው ግን ቤት ሠርቷል።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ገዢ ቡና ሲገዛ እዩት። ጀንፈሉን በእፍኙ ያነሣል፣ ያሸታል፣ በጥርሱ ይነክሳል፣ «አልደረቀም» ብሎ መልሶ ይጥላል፤ የገዛ አማቱ ቡና ቢሆን እንኳ ሳይነክስ አይገዛም። መኪና ፊት ሲቆም ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። ሻጩ ለዚሁ ብሎ ያስቀመጣት ቁራጭ አለችው፤ እንደ አቡጀዲ የለሰለሰች የበግ ቆዳ። አዲስ መርፌ ሰክቶ ያንን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ይሰፋና ያነሣላችኋል። ስፌቱ ሲያምር! «እስቲ በዚህ በኔ ቆዳ» ማለት ሰውን በሰው ፊት መጠርጠር ስለሆነ ማንም አይለውም።

ሳይባል የሚቀረው ነገር ግን ዋናው ነገር ነው። ሃያ ዘጠኝ ኬ የጥገና መኪና ነው። መርገጫ እግሩ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ቀጭኑ ክንዱ ጫማ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። በዚያ ክንድ ውስጥ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ አለ፤ የታችኛውን ክር የያዘችውን መወርወሪያ የሚያንቀሳቅሳት እሱ ነው። ጥርሱ ሲበላ መወርወሪያዋ ትዘገያለች፣ መርፌው የሠራውን የክር ቀለበት ሳትይዘው ያልፋታል፣ ስፌቱ ይዘላል። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ መዘውሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጎ መላላቱን ማየት፣ እግሩን በአራቱም አቅጣጫ አዙሮ ወፍራም የበሬ ቆዳ ማሰፋት ነው። ደግሞ ይህ መኪና ጤነኛም ቢሆን ለኮርቻና ለድርብ ቀበቶ አልተፈጠረም። ይህን ሳያጣሩ ገዝተው በቀበቶ ብዛት የገደሉት ሞልተዋል። ከዚያም የባሰ አለ፤ የእናቶቻችንን ጥቁር የልብስ ሲንጀር ትልቅ መርፌ ሰክተው «ቆዳ ይበላል» ብለው የሚሸጡ።

አንድ ቃል ግን በየትኛውም ሽያጭ ላይ ቀርቶ አያውቅም፤ «ቦቢኑ ቤት ነው»። መኪናው ገበያ መጥቷል፣ ጠረጴዛው መጥቷል፣ ቺንጋው መጥቷል፣ የሻጩ አጎት ምስክር ሆኖ መጥቷል። ትርፍ ቦቢኖቹና ትንሿ የመርፌ ሳህን ግን «ቤት አሉ፤ ነገ እልክልሃለሁ»። ያ ቤት የት እንደሆነ፣ ነገስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የኢሉባቦር የመኪና ቦቢኖች ሁሉ የተሰበሰቡበት አንድ ትልቅ ቤት ሳይኖር አይቀርም።

በማኅበር የሚገዙት ደግሞ ስሕተታቸውም የማኅበር ነው። አዲስ አበባ ሄደው፣ ከተዘጋ ፋብሪካ «ባለበት ሁኔታ» በሚል ጨረታ የወጣ የቆዳ ጠርዝ ማሳሻና ከባድ የመስፊያ መኪና በርካሽ አገኘን ብለው፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አስጭነው የመጡ ወጣቶችን አውቃለሁ። ሪባን ተቆረጠ፣ ባለሥልጣን ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሊያስነሡት ሲሉ ሞተሩ ሦስት ፌዝ ሆነ፤ የተከራዩት ሱቅ መስመር አንድ ፌዝ ነው። ሞተሩን ባለ አንድ ፌዝ ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። እነሱ ግን ለአዲስ መስመር ማመልከቻ ጻፉ። መኪናው እስከ ዛሬ ላስቲክ ለብሶ ይጠብቃል። ላስቲኩም ሌላ ጉድ ነው፤ እንደ መቱ ባለ ዝናብ በማያጣው አገር ብረትን በላስቲክ አፍኖ ማስቀመጥ እርጥበቱን አብሮ ማሸግ ነው። ዝገቱ ማመልከቻውን ሳይጠብቅ ሥራውን ጀመረ።

መኪና ሲበላሽ የሚሰበሰበውን ጉባኤ ግን ሳላነሣ አልጨርስም። ስፌት ዘለለ እንበል። መጀመሪያ ጎረቤቱ ሊስትሮ ይመጣል፤ «ማርሹ ነው» ይላል። ባለ ባጃጁ ይመጣል፤ «ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ እሱ የሚያውቀው ኩሽኔታ ነዋ። ሦስተኛው ካቻቢቴ አውጥቶ ያገኘውን ብሎን ሁሉ አንድ አንድ ዙር ያጠብቃል። የክር ማጥበቂያው ሞላ የተበላሸው በዚህ ጊዜ ነው። አራተኛው «ዘይት ጠምቶት ነው» ብሎ ከጓዳ የኑግ ዘይት ያስመጣል። የምግብ ዘይት ብረት ላይ ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ትናንት ስፌት ብቻ ይዘል የነበረው መኪና ዛሬ ጭራሽ አልዞርም ይላል። በላምባ አጥቦ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ የሚያደርግለት እስኪመጣ ድረስ እንደተኮራመተ ይቆያል። አምስተኛው የሰው ዓይን ነው ይላል። እሱ ቢያንስ ብሎን አልነካም።

በመጨረሻ መካኒኩ ይጠራል። በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ትንሹም ትልቁም «ኦቦ» ብሎ የሚጠራው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ። ጎንበስ ብሎ መርፌውን ያያል። መርፌው ዞሮ ተሰክቷል። የመርፌ አንዱ ጎን ክሩ የሚተኛበት ረጅም ቦይ አለው፣ ሌላው ጎን መወርወሪያዋ ተጠግታ ክሩን የምትነጥቅበት ትንሽ ጉድጓድ፤ ተገላብጦ ከገባ ስፌት የለም። አለዚያም የጨርቅ መርፌ ሰክተው ቆዳ ሲያሰፉት ያገኘዋል፤ የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለት ነው፣ ቆርጦ ያልፋል፤ የጨርቁ ክብ ስለሆነ እየገፋ ይታገላል፣ ይጣመማል። መርፌውን ያዞራል፣ መዘውሩን ያሽከረክራል፣ መኪናው ይሰፋል። ሻይ ተቀድቶ ሳይቀርብ ሥራው አለቀ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚታየው። «ስንት ልክፈል ኦቦ?» ይባላል። ዋጋውን ይናገራል። «ለዚች ለመርፌ?!» ባለ መኪናው ተቆጣ፤ ጉባኤውም ከጎኑ ቆመ፤ ያ ብሎን ሲያጠብቅ የዋለው ሁሉ ሳይቀር። ለደላላ ያለ ቃል የከፈለ ሰው፣ ለመርከቡ ታሪክ የከፈለ ሰው፣ ለእውቀት ሲሆን በሚዛን መመዘን ይጀምራል።

መካኒኮቻችንም ብልጥ ሆኑ። አሁን አሁን መርፌው ዞሮ ቢያገኙ እንኳ አይናገሩም። ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፣ ምላሳቸውን ይመታሉ፣ «ይኼስ መግባት አለበት» ይላሉ። መኪናው በጋሪ ተጭኖ ቤታቸው ይሄዳል። ሦስት ቀን ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መርፌው ተስተካክሎ፣ ከማይታወቅ ዕቃ የወለቀ አሮጌ ማርሽ በወረቀት ተጠቅልሎ «የተቀየረው ይኼ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ባለ መኪናው እጥፍ ከፍሎ ያመሰግናል። ማርሹንም ለእንግዳ ያሳያል። ሐሰት ነው ብዬ መካኒኩን ልወቅስ ሞከርኩ፤ ወቀሳዬ ግን እሱ ዘንድ አልደርስ አለኝ፣ መንገድ ላይ ባለ መኪናውን እያገኘ ይቆማል።

የእጅ ሙያን መናቅ የቆየ ነው፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው እየጠራ የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» የሚለው ስድብም በአዋጁ ተጠቅሷል። ከመቶ ዓመት በኋላ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ በቆዳ የሚነግደው አሁን «ሌዘር ዲዛይነር» ተብሎ ካርድ ያሳትማል። ወስፌውን ጨብጦ የሚሰፋው ግን ክፍያ ሲጠይቅ ያው ነው፤ «ለዚች?» ይባላል።

እንግዲህ ዘንድሮ ቡና ሲደርስ ሲንጀር ልትገዙ ያሰባችሁ የመቱ፣ የጎሬ፣ የቡሬ፣ የበደሌ ሰዎች፣ የመርከቡን ታሪክ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ያስደስታል፣ አይከፈልበትም። ቆዳችሁን ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አጥፋችሁ፣ እግሩን በየአቅጣጫው አዙራችሁ ስፉበት። መካኒኩ መርፌ ብቻ አዙሮ ከተነሣም የጠየቀውን ክፈሉት። እናንተም ሻጮች፣ ስለ ፈጣሪ፣ ያንን ቦቢን ከቤት ይዛችሁ ኑ።