አህያ ልቀመጥ ባሕር ተሻገርኩ

ፍራንክፈርት፣ ጳጉሜን

ለምወዳችሁ ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ ለእትዬ፣ እንዲሁም ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ጫማዬስ?» ለሚለው ለማሙሽ፤

የመርከብ ጉዞዬን ነገር በስልክ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር። ገና «መርከብ» ከማለቴ ጋሼ «ወጥ ቤት ነው ወይስ ጽዳት?» ብሎ ወሬዬን ከአፌ ነጠቀኝ፤ ከኋላ የእናንተ ሳቅ ተሰማ፤ መስመሩም ተቆረጠ። ደብዳቤ አይቆረጥም። እትዬ ታንብበው። ጋሼ ካነበበው እሱ የተነካበትን መስመር ይዘላል፤ የአባባን ኑዛዜ ሲያነብ ያደረገውን ማን ይረሳል።

መልሴ ይኸው ጋሼ፤ ወጥ ቤትም ጽዳትም አይደለም። የወሰዱኝ ኦማ ናቸው። እኚያ ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ከእኔ በቀር ካልሲያቸውን የሚያለብሳቸው ሰው የማይፈልጉት የመጦሪያ ቤታችን ኦማ፣ አያት እንደ ማለት። ልጆቻቸው «ብቻሽን አትሄጂም» ሲሏቸው «ማን ብቻዬን አለ?» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ቲኬቱን የከፈሉት እሳቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን የገፋሁት እኔ። ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ሽርሽር ነው። ለሰፈር ስታወሩ ሽርሽሩን ብቻ አውሩ።

አብራኝ የምትኖረውን ልጅ፣ ለእማዬ በቪዲዮ ያሳየኋትን፣ «ልብስ ምን ምን ልያዝ?» ብላት ስለ ልብስ አልመለሰችልኝም። «ያን ባሕር እኔ አንድ ሌሊት አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል» አለችና ሻንጣዬን ታስተካክልልኝ ጀመር። በሊቢያ በኩል ነው የመጣችው። ማታ ማታ ኦማን ካስተኛሁ በኋላ ሰገነቱ ላይ ቆሜ ጥቁሩን ውሃ ሳይ እሷ ትመጣብኛለች። ከዚያ ከኋላዬ ሙዚቃው ይነሣና ጡረተኞቹ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዘው በሰልፍ ይጨፍራሉ። መርከቡ ለሐዘን አይመችም።

ጀልባ እንዳይመስላችሁ። ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ፀጉር ቤት አለው፣ ባሕር መሀል እየሄደ ደግሞ መዋኛ ገንዳ አለው። ምግቡ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ከጠረጴዛ አይነሣም። ይህን ሁሉ ያየሁት እንግዲህ በፍልሰታ ነው! እማዬ፣ አትደንግጪ፤ አልፈታሁም። ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ ኬኩ በፊቴ ሲያልፍ እኔ ዳቦ በወይራ ፍሬ። አስተናጋጁ የፊሊፒንስ ልጅ ነው፤ የታመምኩ መስሎት በየማታው አንድ ሙዝ በናፕኪን ጠቅልሎ ኪሴ ይከትልኝ ነበር።

የወደብ ጉብኝት የሚሉት እንዲህ ነው። መርከቡ ይቆማል፤ ደረታችሁ ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ፤ አስጎብኚዋ ያንኑ ቁጥር በእንጨት ላይ ከፍ አድርጋ ትቀድማለች፤ ትከተላላችሁ። ያረፈደውን መርከቡ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይኑን ከሐውልቱ፣ አንዱን ከሰዓቱ አያነሣም። ኤፌሶንን በዚህ አኳኋን ጨረስኳት። አዎ እማዬ፣ ጳውሎስ የሰበከባት ኤፌሶን፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት፣ መርከቡ የሚቆመው ኩሻዳሲ ነው። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ያሳመፀው ሕዝብ ግር ብሎ የገባበት ቲያትር አሁንም አለ፤ ከ20 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት የፊት ግንቡ ቆሞ ላየው ያስደነግጣል። ሰው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣው ግን የት ነው ብትሉኝ የሮማውያን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ላይ። እብነ በረድ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በመሀል መጋረጃ የለ፣ ግድግዳ የለ። ኦማ ለረጅም ጊዜ አዩትና «ቢያንስ ወሬ ነበራቸው» አሉ።

ፍጥሞም ደርሻለሁ። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው ከሚባለው ዋሻ ገብቼ በእማዬ ስም ሻማ አበራሁ። በእትዬም። የጋሼን ስም ስጠራ ሻማው ጠፋ። መልሼ ለኩሼዋለሁ፤ ግን ይወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ሳንቶሪኒ የምትባል ደሴት አለች፤ ነጫጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት ያላት፣ የሰፈራችን ፀጉር ቤት ካላንደር ላይ ያለችው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሀሏ ሰምጧል፤ የቀረው ጠርዙ ነው፣ ቀጥ ያለ ገደል። ከተማዋ ፊራ ገደሉ አናት ላይ ተቀምጣለች። ትልቅ መርከብ ዳር አይደርስም፤ ውሃው ላይ ቆሞ በትናንሽ ጀልባ ያወርዳችኋል። ተሽከርካሪ ወንበር በጀልባው አይሄድም ተባለ። ኦማ ግን አልከፋቸውም፤ ከቦርሳቸው ፎቶግራፍ አወጡ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ ሙሽራ ሳሉ፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ሻርፕ አስረው፣ አህያ ላይ ተቀምጠው። «ሂጂና እንዲሁ ሆነሽ ተነሺልኝ» አሉ። የቲኬቱ ዋጋ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከወደቡ ፊራ ለመድረስ ሦስት መንገድ አለ፤ ኬብል ካር፣ ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ በእግር፣ ወይም አህያ። ኬብል ካሩ በደቂቃዎች ያደርሳል፤ በኦማ ጊዜ ግን አልነበረም። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ፣ የአባባ ልጅ፣ አህያ ልቀመጥ! ያውም ገንዘብ ከፍዬ! ደግሞም ሁለተኛ አህያ አጠገብ ላልደርስ ምዬ እንደነበር ታውቃላችሁ። እትዬ፣ እዚህ ጋ ሳቂና ቀጥዪ።

ሰልፉ ጋ ስደርስ ትንሽ ተስፋ አገኘሁ፤ ግማሾቹ በቅሎዎች ናቸው። ጆሮ አየሁ፣ ቁመት አየሁ፣ አንዲት ዳማ መረጥኩና ባለቤቱን ሽማግሌ «ያቺን በቅሎ ስጠኝ» አልኩት። «ሁሉም ዶንኪ ነው» አለኝ። አባባ ቢሰማ ሰውዬውን ዳኛ ፊት ያቆመው ነበር። በቅሎዋም ሰምታ አንገቷን አዞረች፤ አባቷን ሲጠይቋት አጎቷን የምትጠራው ወዳ አይደለም።

ለካ ሕግ አለ። ከፈረንጆቹ 2018 ወዲህ ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከእንስሳው ክብደት ከአንድ አምስተኛ የበለጠ መጫን በግሪክ ክልክል ነው። ሽማግሌው እኔንና ከኋላዬ የቆመውን ግዙፍ ሰውዬ በዓይኑ መዘነና በቅሎዋን ለሰውዬው፣ ለእኔ አንድ አመድማ አህያ ሰጠ። የአህያ አንድ አምስተኛ ስንት እንደሚመጣ ማሙሽ ያስላው፤ እኔን ያስፈቀደኝ ሒሳብ አይመስለኝም። አንተ ጋሼ ከእኔ ጋር ብትሆን ኖሮ በኬብል ካር ትሄድ ነበር፤ በሕግ።

ወጣሁ። ኮርቻው እንጨት ነው፣ ቃጭሉ ጆሮ ይበሳል፣ ደረጃው ፋንድያ በፋንድያ። አህያው ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ጉልበቴን ላጠው። ሽማግሌው ከታች በጩኸት ሸኝቶን ቀረ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ከላይ የሚወርዱ አህዮች መጡና ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ሁሉም ቆመ። ፈረንጁ በየቋንቋው ይለምናል፤ በእንግሊዝኛ የተነቃነቀ አህያ ግን የለም። ግዙፉ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ የበቅሎዋን አንገት አቀፈ። ሳላስበው ከሆዴ ውስጥ «መጭ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የእኔ አይደለም፣ የአባባ ድምፅ ነው። አህያው ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «መጭ! ምን ይገትርሃል፣ ሂድ ወዲያ!» ሰልፉ እንዳለ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። አንዲት ሴት ኮርቻዋ ዘንብሎ ስትጮህ ወርጄ ማሰሪያውን አጠበቅሁላት፤ መጫኛ ስጎትት ያደግሁ ሴት ነኝ። ይህን ያየች ሌላዋ ልጓሙን አስያዘችኝ። ሌላው ባርኔጣውን ሰጠኝ። አንዷ ልጇን ሰጠችኝ። ፊራ ስንደርስ እኔ በእግሬ፣ በግራ እጄ በቅሎ፣ በቀኝ እጄ አህያ፣ በእቅፌ የሰው ልጅ፤ የተከፈለበት አህያዬ ባዶ ጀርባውን እያወዛወዘ ከኋላ ይከተለኛል። ግዙፉ ሰውዬ ወርዶ መሬቱን በእግሩ ሞከረ፤ ከዚያ 5 ዩሮ በእጄ አኖረና «ይህን ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለኝ።

«ከልጅነቴ» አልኩት። ውሸት ነው?

ላይ የነበረው የአህዮቹ ተቀባይ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀና ነገ በስንት ሰዓት መግባት እንደምችል ጠየቀኝ። ጋሼ፣ ሥራ መቀጠሬን ለማወቅ ስለቸኮልክ ነው የምነግርህ። ለኦማ ፎቶ እንደገና አህያው ላይ ወጣሁ፤ ነጠላዬን እንደ ሻርፕ አሰርኩ፤ ተቀባዩ አነሣኝ።

ራበኝ። ሥጋና ቅቤ የሌለው ምን አለ ብዬ ብጠይቅ «ፋቫ» አሉኝ። የደሴቲቱ ኩራት ነው፤ ስሙን የአውሮፓ ኅብረት በሕግ ጠብቆለታል፤ በእሳተ ገሞራው አመድ የተቀበረችው አክሮቲሪ ስትቆፈር ፍሬው በቤት ውስጥ ተከማችቶ ተገኝቷል እያለ አስተናጋጁ ሰበከኝ። መጣ። ቢጫ ክክ፣ ተድጦ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይትና ጥሬ ሽንኩርት። አልጫ ነው! እርድ የረሱት አልጫ! ከምን እንደሚሠራ ስጠይቀው በስልኩ ተክሉን አሳየኝ። ጓያ! የእኛው ባይሆን የሥጋ ዘመዱ። እማዬ እንፋሎቱ እንዳይነካን ከወጥ ቤት የምታባርረን፣ እግር ያሽመደምዳል የሚባለው ጓያ፣ በነጭ ሳህን፣ በዩሮ! ሳህኑን ጠርጌ በላሁ። ለመነሣት ስሞክር እግሬ አልታዘዝ አለኝ። «ጓያው!» ብዬ ልጮህ ስል አህያው ትዝ አለኝ።

ሲመሽ እያነከስኩ ወደ ጀልባው ስመለስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ክፍት አገኘሁ። እነሱም በነሐሴ ለእመቤታችን ይጾማሉ፤ ማታ ማታ ጸሎት አለ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ድንገት «ኪርዬ ኤሌይሶን» ሲሉ ሰማሁ። እማዬ፣ የስቅለት ዕለት ይህንኑ እያልሽ ስትሰግጂ አጠገብሽ ሆኜ የምቆጥርልሽ ትዝ ይልሻል? ከመጣሁ ወዲህ በዚያ ቀን ሥራ ያልገባሁበት ዓመት የለም። ጉልበቴ ልስገድ ሲል አልታጠፍ አለ፤ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩና እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያሉ አሮጊት አይተውኝ መሐረብ ሰጡኝ፣ ጀርባዬን ዳበሱኝ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን በሌላ መሐረብ ይዘው ሁለት ወንበር ራቅ አሉ። አህያው ነው። ሽታው ፍራንክፈርት ድረስ ተከትሎኛል።

ኦማ ፎቶውን አሮጌው ፎቶ አጠገብ አድርገው በማጉያ መነጽር አዩት። እኔን አላዩኝም። ለረጅም ጊዜ አህያውን ተመለከቱና «ይሄ ያው እሱ ነው» አሉ። ኦማ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሚኖር አህያ የለም አልኳቸው። «እኔስ አለሁ አይደል?» አሉኝ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ማሙሽ፣ 5 ዩሮዋን አትጠብቅ፤ ለፋቫው ጉርሻ ሰጠኋት። እማዬ፣ የፍጥሞን ሻማ ትራፊ በሰው እልካለሁ። ጋሼ፣ አንተ ቀበቶህን ለካልኝና ቁጥሩን ላክ፤ ግድ የለም፣ ለልብስ ነው።

ኦማ የሚቀጥለውን ዓመት የመርከብ ካታሎግ አልጋቸው ላይ ዘርግተዋል። ግብፅ የሚቆም አለ፤ ፒራሚዱ ሥር የተነሡት ሌላ ፎቶ አላቸው አሉ። ከግመል ጋር። ስለ ግመል የምታውቁት ነገር ካለ በቶሎ ጻፉልኝ።

የእናንተው ሚጣ