የአቶ ክንድ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ከአዳማና ከቢሾፍቱ ድረስ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ወደ ቀብሩ ከመሄዳችን በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ስለሚነበብ ከድንኳኑ ጀርባ ካርታ የያዛችሁ ለጊዜው አቁሙልን።

አቶ ክንድ ከአባታቸው ከአቶ ትከሻና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክርን ተወለዱ። ዘመኑን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም። ቁመታቸው ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነበር። የ2 ስንዝር፣ የ6 ጋትና የ24 ጣት አባት ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ በገዛ እጃቸው አሳድገዋል። እዚህ ሞጆ በአማርኛ ክንድ፣ በኦሮምኛ ዱንዱማ እየተባሉ በሁለት ቋንቋ ተጠርተዋል፤ ዛሬም በሁለት ቋንቋ ይለቀስላቸዋል።

ሟች ገና በወጣትነታቸው ትልልቅ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። የኖኅ መርከብ 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ስፋትና 30 ክንድ ከፍታ ተሰጥቶት የተሠራው በእሳቸው ነው። በ45 ሳንቲ ሜትር ብናሰላው ርዝመቱ 135 ሜትር ይሆናል። ዛሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢቆም 22 ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን በጎኑ ያሰልፋል። የቃል ኪዳኑ ታቦትም ሁለት ክንድ ተኩል በአንድ ክንድ ተኩል የሆነው በእሳቸው ልክ ነው። ግብፅ የነበሩት ዘመዳቸው፣ የቤተ መንግሥቱ ክንድ፣ በአንድ ጋት ረዘም ስለሚሉ 52 ሳንቲ ሜትር ግድም ነበሩ። እኚህኛው በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አሁን በፓሪሱ ሉቭርና በቱሪኑ ሙዚየም መስታወት ውስጥ ተኝተዋል።

በገበያችን ግን ሟች ቤት ተረስተው የማያውቁ መለኪያ ነበሩ። ገመድ ሻጩ የገመዱን ጫፍ ክርኑ ላይ ያስይዝና እስከ ጣቱ ጫፍ ይስባል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መሀል ጣቱ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ገዢውም ሞኝ አይደለም፤ ሻጩ አጭር ከሆነ ረጅም አጎቱን ይዞ ይመጣል። «በማን ክንድ?» የሚለው ክርክር ከዋጋው ክርክር በፊት ያልቃል። ሟችን ሲጠሉ የኖሩት ወገኖች «ከሰው ሰው ይለያያሉ» እያሉ ያሟቸው በዚሁ ነው።

ሕመማቸው የጀመረው ከባቡሩ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ያዙልኝ) አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በሞጆ ሲያልፍ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነበር። አቶ ሜትር ወደ ከተማችን የገቡት እንዲህ መሬት ላይ ተኝተው ነው። ከዚያ በትምህርት ቤት ማስመሪያ ተከተሏቸው፤ በ1963 ደግሞ ስለ መለኪያና ሚዛን የወጣው አዋጅ ወንበሩን ለሜትር አጸና። አቶ ክንድም አልጋ ያዙ።

ስለ ባላንጣቸው እውነቱ ይነገር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ እንዲሆን ተወሰነ። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ1792 ጀምሮ ስድስት ዓመት ግድም ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ሲለኩ ከረሙ። ውጤቱ በ0.2 ሚሊ ሜትር አጥሮ ተገኘ፤ ሳይንስም ይቅር ብሎ አለፈው። ጣቱን ያጠፈው ገመድ ሻጫችን ግን እስከ ዛሬ ሌባ ነው። በ1983 ሜትር ጭራሹን ሥጋውን ጥሎ፣ ብርሃን በሴኮንድ 1/299,792,458ኛ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ሆኗል። የፈለገ ይለካው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ውርሱ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። ሁላችንም ወራሹ ሜትር ነው ብለን ነበር። ንብረቱ ሲቆጠር ግን ሌላ ሰው ተገኘ። ደረቅ ወደቡ ውስጥ የተደረደረው ኮንቴይነር ባለ 20 እና ባለ 40 ጫማ ነው። ከቆዳ ፋብሪካዎቻችን የሚወጣው ያለቀለት ቆዳ በማሽን ሥር ሲያልፍ ጀርባው ላይ የሚታተምለት ቁጥር በስኩዌር ፊት፣ ማለትም በካሬ ጫማ ነው። የውሃ ቧንቧው ግማሽ ኢንች ይባላል፤ የብረቱ ከውጭ ሲለካ ግን 21.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በየት በኩል ግማሽ ኢንች እንደሆነ ባለ ሱቁም አይነግርህም። ባለ አንድ ሜትሩ ሐዲድ ሥራ ፈቶ፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በ1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሄዳል። ይህ ቁጥር በሜትር የተጻፈ 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነው፤ የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጋሪ ልክ ነበር። ሜትርም በገዛ ሐዲዱ ተሸነፈ።

ጫማ ማን ነው? እንደ ሟች የሰው አካል ነው፤ እግር። ከንጉሥ ንጉሥ፣ ከአገር አገር ሲለያይ ኖሮ በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ተስማምተው 30.48 ሳንቲ ሜትር አደረጉት። ይህን ዕድል ክንድም ቢያገኙ ኖሮ ዛሬ አናለቅስም ነበር ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ግን በ1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ ባለ ጭነት መኪና 58 ሣጥኖች መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂዩስተን መላኩ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ወደብ ሁሉ ክሬኑን በጫማ አስተካከለ። ሟችን የገደላቸው አለመስተካከል አይደለም፤ የኖኅ መርከብ ከቆመ በኋላ ሌላ መርከብ አለማግኘት ነው። መለኪያ የሚነግሠው ዕቃ የሚጭነው ሰው ሲይዘው ነው።

«ሳልሞት፣ ክንዴን ሳልንተራስ» እያልን ስንምል ኖረን፣ እነሆ ክንድ ራሳቸው ክንዳቸውን ተንተራሱ። ሬሳ ሣጥኑ በሜትር ታዞ በኢንች ጣውላ ተሠርቷል። መቃብር ቆፋሪው ሜትሩን ረስቶ ስለመጣ ጉድጓዱን በማን እንደለካው አትጠይቁኝ። ሟችን ማሰብ የምትፈልጉ ከግማሽ ሜትር ጥቂት ቀንሱ፤ የደረቅ ወደብ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ጫማ ተኩል በሉ።

ከልጆቻቸው ጋት ከቤት አትወጣም። ስንዝር ግን ደህና ናት፤ «አንዲት ስንዝር መሬት አሳልፈን አንሰጥም» በሚባልበት መድረክ ሁሉ ቋሚ ሥራ አላት። ለእሷ ድንኳን የምንተክልበት ቀን ሩቅ ነው፤ እዚያ መድረክ ላይ ለክቶ የሚረከብ የለምና።