የስሜት ብልህነት ከነአበሉ

መሥሪያ ቤቶቻችን ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን የተባሉትን የአሠራር ማሻሻያዎች ካጠናቀቁ በኋላ (መጠናቀቃቸውን የሚያውቀው ሪፖርቱ ብቻ ነው) ተራው የስሜት ብልህነት ሆኗል። ሐሳቡን ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት አቀረቡት፤ በ1995 ደግሞ የዳንኤል ጎልማን መጽሐፍ ለዓለም አዳረሰው። ነገሩ ራስን ማወቅ፣ ስሜትን መግዛት፣ የሰውን ስሜት መረዳት ነው። እኛ ዘንድ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ከሻይ ዕረፍትና ከውሎ አበል ጋር ይሰጣል።

ሥልጠናው ውጤት አላመጣም የሚል ካለ ምቀኛ ነው። ድሮ «ምን ታፈጣለህ? ውጣ!» ይሉ የነበሩ አንድ ኃላፊ፣ ዛሬ ትከሻ መታ መታ አድርገው «ስሜትህ ይገባኛል፤ ውጣ» ይላሉ። ፈቃድ የጠየቀች ጸሐፊያቸውንም «የእናትሽ መታመም ልቤን ነካው» ብለው፣ ፎርሙን ሳይፈርሙ መልሰውላታል። ማዘናቸውን ግን ማንም አይክድም።

ሠልጣኞቹ ሁሉ አለቆች መሆናቸውም ትክክል ነው። ግልምጫ ውጦ «እሺ ጌታዬ» ሲል የኖረን የበታች ሠራተኛ ስሜት መግዛትን ማን ያስተምረዋል? ሻይ የሚያፈሉልን እትዬማ ጠዋት ለኃላፊው ብርጭቆውን አቀብለው ሲወጡ፣ የዕለቱን የአየር ጠባይ ለመላው ቢሮ ያውጃሉ። «ዛሬ ደመና ነው፤ የሚፈረም ነገር ያለው ነገ ይምጣ።» ተሳስተው አያውቁም። ሰርተፊኬትም የላቸውም።

የሚመለከተው ክፍል ሆይ፣ ለሚቀጥለው ዙር አሠልጣኟ እሳቸው ይሁኑልን። አበሉም ይከፈላቸው።