ሦስተኛዋ ቁልፍ

ከሸሚዝ ቁልፎች ሁሉ የማላምነው ሦስተኛዋን ነው። የመጀመሪያዋን ማንም አይቆልፋትም፤ ሁለተኛዋ ጨዋ ናት። ሦስተኛዋ ግን ልክ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ስታኮርፍ ትውላለች፤ ከመደርደሪያ ፋይል ላወርድ እጄን ስዘረጋ አፏን ትከፍታለች። በእሷ የተነሳ በጂንካ ፀሐይ ሹራብ ደርቤ እሄዳለሁ። "ወባ ነው እንዴ?" ያላለኝ ሰው የለም።

ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ታውቀዋለች፤ ለትከሻዬ የሆነው ሸሚዝ ደረቴ ላይ አይዘጋም፣ ደረቴን የቻለው ደግሞ ትከሻው ክርኔ ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ፋብሪካ ቁጥር ሲጨምር በሁሉም ጎን ነው የሚያሰፋው፤ አንገቱም እጅጌውም አብሮ ይወፍራል። መነሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ቢ ካፕ" የሚሉት መጠነኛ ጡት ነው። ከቢ ያለፍን መርፌ ቁልፍ እንግዛ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ሸሚዝ ከጎረቤት ሊመጣልኝ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የሚሰፋው ለባሕር ማዶ ደረት ኖሯል። በ2014 አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣን አገር ለሠራተኞቹ ሲጨነቅ እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አሁንስ የእኛን ልክ ይይዙ ይሆን?" አልኩ።

ሐሙስ ለሥራ ቀይ አፈር ከተማ ሄድኩ። ገበያው ዳር አንዲት የበና ሴት ማሽላዋን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ዕድሜዋም ደረቷም እንደ እኔው። ዛጎልና ጨሌ የተሰፋበት የፍየል ቆዳ ለብሳለች። ሸክሟን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም! የሚሳብ የለ፣ የሚከፈት የለ፤ ቆዳው አብሯት ጎንበስ፣ አብሯት ቀና። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍየል ማሰብ አልተውኩም። ፍየል ላርጅ፣ ሚዲየም አትልም። ቆዳዋ ለባሿ ላይ እየለዘበ፣ ቅርጿን እየያዘ ይሄዳል፤ የኔ ፖሊስተር አምስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ እስካሁን አልተዋወቅንም። ለመሆኑ ቁልፍን ማን ፈለሰፈው? ጠፍር ምን አጎደለ? መኪና ውስጥ ይህን ጮክ ብዬ ስጠይቅ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ቢሮ ስመለስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓይኑን ከሦስተኛዋ ቁልፍ ሳይነቅል "እህቴ፣ አለባበስሽን ብታስተካክዪ" አለኝ። ከጀርባው በተሰቀለው ካላንደር ላይ ደረቷ የተራቆተ የኦሞ ልጅ ትስቃለች። የእሷ ለቱሪስት "ባህላችን" ነው፤ የእኔ፣ አንዲት ጣት የማታስገባ ክፍተት፣ ነውር! እሷን ሳይጠይቁ ሰቀሏት፣ እኔን ሳልጠይቃቸው ይመክሩኛል። የሚቆረጠውና የሚሰፋው ጨርቁ ነው፣ እኔ አይደለሁም! ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርኩትም። ሹራቤን ደረብኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ መደረቤ ነው።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ያፍራል። ሜትሩን ከጀርባዬ ወርወር አድርጎ ጫፉን እኔው እንድይዝ ይሰጠኝና የጣራውን ቆርቆሮ እያየ ቁጥሩን ይገምታል። ሜትሩም ጫፉ ተቀዶ የሚጀምረው ከአራት ነው። "ቅዳሜ ነይ" አለኝ። ቅዳሜ ስሄድ የስፌት መኪናው ቺንጋ ተበጥሷል። ቡና ጠጣን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ስመለስ በገበያው በኩል አለፍኩና የአንዲት ቀይ ፍየል ዋጋ ጠየቅኩ።

"ለበዓል ነው?" አለኝ ሻጩ፣ ጥርሷን ሊያሳየኝ አፏን እየፈለቀቀ።