ወደ ደሴት ለሚሰደዱ ፊልም መራጮች የቀረበ ውዳሴ

ከተማሩት ወገኖቻችን መካከል ፊልም ማየትን ከመዝናኛነት አንሥተው ወደ ሊቅነት መዓርግ ያደረሱት ሰዎች፣ ቤትና ሥራ፣ ልጅና ዕዳ እያለባቸው፣ ይህን ሁሉ ትተው ሰው ወደማይኖርባት ደሴት ለመሄድ በየጊዜው ሲሰናዱ ስናይ፣ የዘመኑ ትውልድ ከዓለም ርቆ በተባሕትዎ የመኖርን ምኞት ጨርሶ አልጣለም ብለን ልንጽናና ይገባናል። እርግጥ ነው፣ እስካሁን አንዳቸውም አልሄዱም። መርከብ የተከራየ፣ ዋና የተማረ፣ የዓሣ መረብ የገዛ ከመካከላቸው አልተሰማም። ነገር ግን ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠው ስንቅ፣ ማለት ይዘዋቸው የሚሄዱት የዐሥር ፊልሞች ዝርዝር፣ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ፣ ለወዳጅም ለባላንጣም ታይቶ ስላለቀ፣ የቀረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው መሄዱ ብቻ ነው።

ልማዱ የመጣልን ከእንግሊዞች ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1942 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ ራሷ በባሕር የተከበበች ደሴት ሆና በጀርመኖች ጦር ስትጨነቅ፣ ሮይ ፕሎምሊ የተባለ ሰው በቢቢሲ ራዲዮ አንድ ዝግጅት ጀመረ። ስመ ጥር ሰው ይጠራና፣ ሰው በሌለበት ደሴት ብቻህን ብትጣል ይዘሃቸው የምትሄድ ስምንት የሙዚቃ ሸክላዎች የትኞቹ ናቸው ተብሎ ይጠየቃል። ቆየት ብሎም አንድ መጽሐፍና አንድ የምቾት ዕቃ እንዲጨምር ተፈቀደለት፤ መጽሐፍ ቅዱስና የሼክስፒር ድርሰት ግን በደሴቲቱ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ይጠብቁታል። የምቾቱም ዕቃ ለማምለጫም ሆነ ለኑሮ አንዳች ጥቅም የሌለው መሆን አለበት የሚል ጽኑ ሕግ ወጣ። ሕግ አውጪ ሁሉ የሚጠቅመውን ምረጡ ሲል፣ የማይጠቅመውን ብቻ ምረጡ ብሎ የደነገገ ሌላ ሕግ አላውቅም፤ ሕዝቡም ከሕጎች ሁሉ ይህን አንዱን ሳያጓድል ፈጸመው።

ከዚያ ዝግጅት እንግዶች ሁሉ ልቤ የወደዳት አንዲት ናት። በ1958 የቀረበችው ታላቂቱ የኦፔራ ዘፋኝ ኤልሳቤጥ ሽቫርትስኮፍ ከስምንቱ ሸክላዎች ሰባቱን ራሷ ከዘፈነችባቸው መረጠች። ሰው እስከ ዛሬ ይሥቅባታል። እኔ ግን በመራጮች ሁሉ ዘንድ እውነትን የተናገረች እርሷ ብቻ ናት እላለሁ፤ ሌሎቹ በቤትሆቨንና በሞዛርት ተጠግተው የገዛ ምስላቸውን ሲመርጡ፣ እርሷ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ራሷን መረጠችና ተገላገለች።

ሸክላው ወደ ፊልም ሲለወጥ የጓዙ ነገር ትንሽ ያሳስባል። በቀድሞው ሥርዓት፣ ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ጥቅል በሴኮንድ 24 ምስል እያሳለፈ ሁለት ሰዓት የሚታይ ፊልም ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ ክብደቱም ከ20 ኪሎ አያንስም። ዐሥሩን ተሸክሞ ማዕበል አቋርጦ ለመጣ ሰው ማሳያ ማሽኑን፣ መብራቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ነዳጁንና ነጩን መጋረጃ ማን ያመጣለታል ብሎ መጠየቅ የመንፈስን ሰው በሥጋ ጥያቄ ማስጨነቅ ነው። የጥንቱ የናይትሬት ፊልም አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ውስጥ እንኳ ሆኖ እንደሚነድ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣውም በሙቀትና በእርጥበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ እንደሚበላሽ የታወቀ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ በዚያች ደሴት እንደ ልብ ይገኛሉ። ሁሉንም በኪሴ በምይዛት ስልክ ጭኜ እሄዳለሁ የሚለው ዘመናይ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ከዐሥሩ አንዱን አጋምሶ ሊያይ ስለሚችል፣ ዕድለኛ ነው።

እውነተኛው ደሴተኛ እንዴት ያለ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ካለ ታሪኩ ተጽፎ ይገኛል። በ1704 አሌክሳንደር ሰልከርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መርከበኛ፣ የተሳፈረባት መርከብ ውሃ የምታስገባ ሆና ስላላመናት ከአዛዡ ጋር ተጣልቶ፣ በእርሷ ከምሄድ እዚሁ ልቅር ቢል፣ አዛዡ ቃሉን በደስታ ተቀብሎ ከቺሌ ማዶ ባለች ባዶ ደሴት ላይ አራግፎት ሄደ። መርከቢቱም ኋላ ሰጠመች፤ ነቢይ በገዛ መርከቡ አይከበርም። ሰውዬው ይዞ የወረደው ልብስና መኝታ፣ ጠመንጃና ባሩድ፣ ትምባሆ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ ድስት፣ መጽሐፍ ቅዱስና ጥቂት ሌሎች መጻሕፍት ነበር። አራት ዓመት ከአራት ወር ተቀመጠ። ሌሊት ሌሊት አይጦች እግሩን እየነከሱ ቢያስቸግሩት ድመቶችን በፍየል ሥጋ አላምዶ በዙሪያው ያስተኛ ነበር፤ ባሩዱ ቢያልቅበት ፍየሎቹን በሩጫ እየቀደመ ይይዛቸው ጀመር፤ በ1709 ዉድስ ሮጀርስ መርከብ ይዞ ሲደርስለትም የፍየል ቆዳ ለብሶ፣ ከሰው ጋር ባለመነጋገሩ ብዛት ቃላቱን እየቆረጠ በግማሹ የሚናገር ፍጡር ሆኖ አገኘው። ሲኒማ ሊወለድ 190 ዓመት ያህል ሲቀረው የተሰደደ ምስኪን በመሆኑ፣ ከፊልም ሠሪዎቹ ከታርኮቭስኪና ከኦዙ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ አንድ ቀን እንኳ ሳይጨነቅበት ዘመኑን በከንቱ አሳለፈ።

የዛሬው መራጭ ከሰልከርክ የሚበልጥበት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሰልከርክ ዕቃውን የጫነው ለደሴቲቱ ሲሆን፣ የእኛው ሰው ግን ዝርዝሩን የሚጽፈው በወደቡ ላይ ቆመው ለሚሸኙት ነው። ዝርዝሩን ቀረብ ብለን ብናየው አንደኛው ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፤ ብዙ ጊዜም ድራየር በ1928 የሠራው የዣን ዳርክ ሕማም ሲሆን፣ ይኸውም መራጩ ከንግግር በፊት የነበረውን ዘመን የሚያከብር ሰው መሆኑን ያስታውቃል። ከዚያ የኦዙ የቶኪዮ ታሪክ፣ ከዚያ የታርኮቭስኪ አንድሬ ሩብልዮቭ ይከተላሉ፤ ከመካከልም ሰባት ሰዓት የሚያልፈው የሃንጋሪው የቤላ ታር ሳታንታንጎ እንደ ታቦት ተከብሮ ይቆማል፤ እርሱን መጥቀስ መቻል በራሱ እንደ ጾም ይቆጠራል። መራጩ አገሩን የማይረሳ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛው ላይ፣ ለሀገር ክብር በቂ ከፍታ ሆኖ ሌሎቹን በማያስነቅፍ ስፍራ፣ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘውን የኃይሌ ገሪማን ጤዛ ያኖራል። በመጨረሻ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው መሆኑ እንዳይጠረጠር፣ አንድ የቻፕሊን ሣቅ ይጨምራል።

እነዚህ ፊልሞች ታላላቅ አይደሉም የሚል ቢኖር እኔ ራሴ እከራከረዋለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለውን ዝርዝር በኩራት ካነበበልኝ በኋላ አንደኛውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በሐዘኔታ ተመልክቶኝ፣ «እርሱ እኮ ደጋግመው የሚያዩት ዓይነት ፊልም አይደለም» አለኝ። መዳኛ በሌለበት፣ ከዐሥሩ በቀር ዐሥራ አንደኛ በማይገኝበት ምድረ በዳ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊያየው የመረጠው ግን እርሱን ነው! ይህ ሰው በልጅነቱ በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣብቦ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ያለቀሰለት የሕንድ ፊልም እንዳለ፣ ዘፈኑን እስከ ዛሬ ፊቱን ሲላጭ እንደሚያንጎራጉረው የቤቱ ሰዎች ያውቃሉ። የብሩስ ሊንም ርግጫ በጓሮ አጥር ላይ ሲለማመድ ክንዱን የሰበረ ነው። እነዚህ በዝርዝሩ የሉም፤ የሚወደድ ነገር ሁሉ ለአደባባይ አይበቃምና።

እንዲህ ያለውን መጠንቀቅ ያስተማሩን ሊቃውንቱ ናቸው። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ፣ ጉባኤ ተሰብስቦ ቀኖና እንደሚወስን ያህል፣ የዓለምን ሐያስያን ዐሥር ዐሥር ፊልም እያስመረጠ ውሳኔውን ያትማል። በመጀመሪያው ጉባኤ የዴ ሲካ የቢስክሌት ሌቦች፣ ገና ከተሠራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ አንደኛ ሆነ፤ በ1941 የተሠራው የኦርሰን ዌልስ ሲትዝን ኬን ግን ከዐሥሩ ውስጥ እንኳ አልገባም። ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ያው ፊልም፣ አንዲት ምስል ሳይጨመርበት፣ ከፊልሞች ሁሉ የበላይ ሆኖ ነገሠ። በ2012 የሂችኮክ ቨርቲጎ ከዙፋኑ አወረደው። በ2022 ደግሞ ከ1,600 በላይ መራጮች ድምፅ ሰጥተው፣ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችውን ዣን ዲልማን፣ ዐሥር ዓመት ቀድሞ ከ30ኛው ተራ በታች የነበረውን፣ አንደኛ አደረጉት።

ፊልሙ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ይፈጃል፤ በብራስልስ የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት ድንች ስትልጥ፣ ቡና ስታፈላ፣ አልጋ ስታነጥፍ ሦስት ቀን እንከተላታለን፤ በሦስተኛውም ቀን ሥርዓቷ እየተናጋ ሲሄድ ማየት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከፊልሙ ይልቅ ውሳኔው በታወጀ በሳምንቱ የሆነው ነው። ስሙን አንሥተውት የማያውቁ ደሴተኞች ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በልባቸው ይወዱት እንደ ነበረ ትዝ አላቸው፤ ከዝርዝራቸውም ሲትዝን ኬንን፣ የሃምሳ ዓመት ወዳጃቸውን፣ ያለ ስንብት ወደ ባሕር ጣሉት። በየዐሥር ዓመቱ በትእዛዝ የሚታደስ ፍቅር ባይኖር ኖሮ ደሴቲቱ በአሮጌ ጓዝ ትሞላ ነበር።

እኛም ብንሆን ለዚህ የደረስነው በአንድ ቀን አይደለም። አባቶቻችን በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተውን ሲኒማ የሰይጣን ቤት ብለው ሰየሙት፤ የልጅ ልጆቻቸው የዚያን ቤት ሥራ ቀኖና አበጅተውለት ከምናኔ ጋር አስተባበሩት። የደሴት ኑሮ እንኳ ለአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። በጣና ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል፣ መነኮሳት ለብዙ መቶ ዓመታት ዳዊታቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው በታንኳ እየተሻገሩ ገብተዋል። ሲሻገሩም ከ150ው መዝሙር የምትወዱአቸውን ዐሥሩን ብቻ ምረጡ፣ ምርጫችሁንም ለባሕር ዳር ሰዎች አሳውቁ ያላቸው አልነበረም። አንዱን መጽሐፍ ቀን በቀን እየደገሙ፣ ቃሉ ከአፋቸው ወደ አጥንታቸው እስኪገባ አርጅተውበታል። በዘመናችን ሚዛን ግን እነዚህ ሰዎች እጅግ ኋላ ቀር ናቸው፤ ደጋግመው የሚያነቡትን ወሰዱ እንጂ ወስደውት ሊታዩበት የሚገባውን አላወቁም።

ከሲኒማው ዓለም ራሱ አንድ ምስክር ልጥራና ላብቃ። በ2000 በወጣው ካስት አዌይ በተባለው ፊልም፣ ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ሰው ከወደቀ አውሮፕላን ተርፎ በባዶ ደሴት ሲጣል፣ ማዕበሉ ካመጣለት ጥቅሎች በአንዱ ውስጥ የቪዲዮ ካሴቶች ያገኛል። እንግዲህ በደሴት ላይ ከፊልም ጋር የተገናኘው ሰው እርሱ ነው። ምን አደረገባቸው? አንደኛና ሁለተኛ ብሎ በደረጃ አላስቀመጣቸውም፤ ከውስጣቸው ክሩን መዝዞ መርከብ እስኪያገኘው የተሳፈረባትን ታንኳ አሰረበት።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ስንቅህን አሰናድተህ ከሆነ መንገድህን አላደናቅፍም። ብቻ ከመሳፈርህ በፊት፣ ከዝርዝርህ በአንደኛው ላይ ያኖርኸውን ፊልም ዛሬ ማታ ስልክህን ዘግተህ እስከ ፍጻሜው እየው፤ በነጋታው ማታም፣ ማንም ሳያይህ፣ ደግመህ ልታየው ከተቀመጥህ ስለ መርከቡ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።