ዋጋህን ከማን ነው የደበቅከው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኤድና ሞል ጀርባ ባለች አንዲት ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠናል። በመድኃኔዓለም በኩል የልጆች ጫማና ልብስ የሚሸጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት አሉ። የእህታቸው ልጅ አለ፤ ኮምፒውተር ተምሮ ዌብሳይት ይሠራል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ በቴሌግራም ስኒከር የሚሸጥ ጎረምሳ አለ። አራተኛው እኔ ነኝ። እትዬ ኪራይ ተጨምሮባቸዋል፤ ሱቁን አጥብበው ግማሹን ንግድ ወደ ስልክ ሊያዛውሩ ፈልገዋል። «የቱ ጋ ልክፈት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማኪያቶውን ትኩስ እያለ የጠጣ የለም።

ዌብሳይት ሠሪው ቀደመ። «እትዬ፣ ዌብሳይት ከሌለዎት ሱቅ የለዎትም።»

«ሱቅ ከሌለኝ ባለቤትየው ምን ላይ ነው ኪራይ የጨመረው?»

«ሾፒፋይ በሚባለው የሱቅ መድረክ ላይ በአንድ ቀን እከፍትልዎታለሁ። ዓለም ሁሉ ያየዎታል።»

«ዓለም ሁሉ ቁጥር 28 ጫማ አይገዛኝም። የምትገዛኝ የገርጂና የሲኤምሲ እናት ናት።»

«በወር 39 ዶላር ብቻ እኮ ነው!»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። «የኔ ልጅ፣ ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር ‹ብቻ› የምትለዋ ቃል አብራ አትመነዘርም።» ቁጥሩን ናፕኪን ላይ ጻፍኩለት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 39 ዶላር ማለት 2,200 ብር ገደማ። ዓመት ሲሞላው ዶላሩ ከ130 ብር አለፈ፤ ያው 39 ዶላር ከ5,000 ብር በላይ ሆነ። እትዬ ሳይለወጡ፣ ጫማው ሳይለወጥ፣ ክፍያው ብቻ ከእጥፍ በላይ አደገ። ገቢዋ በብር የሆነች ሱቅ በዶላር የሚቆጠር ኪራይ ከገባች፣ ያማረራትን አከራይ በሌላ አከራይ ለወጠች ማለት ነው፤ ያውም ደጁ ሄደው በማይለምኑት አከራይ።

ደግሞ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አይሠራም። ሌላው የክፍያ አገልግሎት ስትራይፕም እንደዚያው። ታዲያ ያ ቆንጆ «አሁን ይግዙ» የሚል ቁልፍ ገንዘቡን ወዴት ይወስደዋል? ልጁ መልሱን ያውቃል፣ ሥራውንም ይወዳል፤ ስለዚህ ወዲያው አስተካከለ፦ «ታዲያ በዎርድፕረስ ላይ ዉኮሜርስ እንጭናለን፣ ክፍያውን ከቻፓ ጋር እናገናኘዋለን።» ይኼ ቁም ነገር ነው። ዉኮሜርስ የሚባለው የሱቅ ሶፍትዌር ራሱ በነፃ ይገኛል፤ የሚከፈለው ለዌብሳይቱ ስምና ማስቀመጫ ነው። እትዬ ግን ሌላ ነገር ጠየቁት። «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተ ካናዳ ልትሄድ ፕሮሰስ ላይ አይደለህም እንዴ?»

ዝም አለ። ጥያቄው የሁሉም ትንሽ ነጋዴ ጥያቄ ነው። የሚጠግነው ሰው አጠገብህ የሌለ ዕቃ አትግዛ፤ ጄኔሬተርም ቢሆን፣ ዌብሳይትም ቢሆን።

የስኒከሩ ጎረምሳ ይኼን ጊዜ ደረቱን ነፋ። «ጋሼ፣ እኔ ለማንም አልከፍልም። ቴሌግራም ነፃ ነው። 12 ሺህ ተከታይ አለኝ።»

«ተከታይ ቀብርም ላይ አለ። ገዢ ስንት አለህ?»

ሳቀ፤ ግን ቁጥሩን አልነገረኝም። ቻናሉን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። እውነቴን ነው፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ብርሃኑን ጠብቆ፣ ሶሉን ሳይቀር አዙሮ ነው ያነሳው። ሥሩ ግን «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። ወደ ታች ሄድኩ። ዋጋ በኢንቦክስ። አሁንም ወረድኩ። ዋጋ በኢንቦክስ።

«ዋጋህን ከማን ነው የደበቅከው?» አልኩት።

«ከተፎካካሪ።»

«ተፎካካሪህ በእህቱ ስልክ ጠይቆህ ካወቀው ቆይቷል። ያልሰማሁት እኔ ደንበኛህ ነኝ።»

«ኢንቦክስ ሲመጡ ለማግባባት ይመቻል።»

«መጀመሪያ ስሜን ታያለህ፣ ፎቶዬን ታያለህ፣ ከዚያ ዋጋ ትቆርጥልኛለህ። ይኼ ኪስ መለካት ነው፤ አንተ ጫማ ለካ።»

«ዋጋ ከጻፍኩ ሰው ይሸሻል፣ ጋሼ።»

«የሚሸሽ ሰው ሃያ መልእክት ከተጻጻፋችሁ በኋላ ከሚሸሽ አሁኑኑ ይሽሽ። አንተም ታርፋለህ፣ እሱም ያርፋል።»

ይኼን ጉዳይ በጨዋታ ብቻ ላልፈው አልችልም። አያት አካባቢ የምትኖር አንዲት ደሞዝተኛ እናት አስቡ። ልጆቿን አስተኝታ ከምሽቱ በአራት ሰዓት ስልኳን ትከፍታለች። ጫማ ታያለች፤ ዋጋ የለም። አምስት ሱቅ ትጠይቃለች። መልሱ በማግስቱ ሥራ ላይ እያለች ይመጣል፤ ከአቅሟ በላይ ነው። «ውድ ነው» ማለት ይከብዳታል፤ «እመለሳለሁ» ትላለች፣ አትመለስም። ያንን ቻናል ሁለተኛ ስታየው የሚታወሳት ጫማው አይደለም፣ ያፈረችው እፍረት ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ አዟል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ግድግዳህ ፎቶው ነው፤ እዚያው ላይ ለጥፍ። ከሁሉም አፕ፣ ከሁሉም ዌብሳይት በፊት የሱቅ መጀመሪያው ዋጋ መጻፍ ነው። ዋጋ ያልጻፈ ሰው ሾፒፋይ ቢገባ፣ ቴሌግራም ቢገባ፣ ሱቅ አልከፈተም።

ጎረምሳው አልተረታም። «እሺ፣ ዋጋ ልጻፍ። ግን ከቴሌግራም የተሻለ ቦታ የለም አይደል?»

«የካቲት 2015ን ረሳኸው?»

አልረሳውም። የካቲት 2 ቀን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው፣ እንደገና የተከፈቱት ሐምሌ ውስጥ ነው። አምስት ወር ገደማ። በእነዚያ ወራት ቻናል ብቻ የነበረው ነጋዴ ሱቁ ሳይቃጠል፣ ሌባ ሳይገባው ቁልፉን ተነጠቀ።

«ቪፒኤን ነበረን እኮ» አለ።

«አንተ ነበረህ። አያት የምትኖረው እናት ነበራት?»

ዌብሳይት ሠሪው ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው! የራሱ ዌብሳይት ቢኖረው—»

«አንተም ቁጭ በል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ዌብሳይትህ የት ነበር?» ሦስት ሳምንት ያህል አገር ሙሉ ጨለማ ነበር። የተረፈን ስልክ መደወል ነበር። መደወል የቻለው ደግሞ የደንበኞቹን ቁጥር የያዘ ነው። የቴሌግራም ቻናል የተከታዮቹን ስልክ ለባለቤቱ አያሳይም፤ 12 ሺህ ሰው ፊትህ ቆሞ አንዱን እንኳ መጥራት አትችልም።

እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ። የዱቤ ደብተራቸው ነው። ስም፣ ስልክ፣ የልጁ ዕድሜ፣ የጫማው ቁጥር። ሁለቱም ልጆች አጎንብሰው አዩት።

«ይኼ ምን ይባላል በእናንተ ቋንቋ?» አሉ እትዬ።

«ዳታቤዝ» አለ የእህታቸው ልጅ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እኔ ደብተር ነው የምለው። መስከረም ሲጠባ እደውላለሁ፤ ‹ልጅሽ አሁን 30 ሳይሆን አይቀርም› እላለሁ። ይመጣሉ።»

ለእኔ የመድረክ ምርጫው ጥያቄ እዚህ ደብተር ላይ አለቀ። ደንበኛው ያለው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ከሆነ ሱቁን እዚያ ክፈት፤ ስሙንና ስልኩን ግን ለባለ መድረኩ አትተውለት፣ አስፈቅደህ በራስህ ደብተር ጻፈው። ትልልቅ ገበያዎችም ቢሆኑ ያስተማሩን ይኼንኑ ነው። የኦንላይን ገበያው ጁሚያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከካሜሩንና ከታንዛኒያ፣ በ2024 ከደቡብ አፍሪካና ከቱኒዚያ ወጣ። እዚያ ዓመታት የሸጠ ነጋዴ ያፈራው ኮከብና አስተያየት ከገጹ ጋር ተዘጋ፤ የደንበኛውን ስልክ የያዘ ግን በማግስቱ ይደውላል።

ክፍያ ላይ እትዬ ቁስል አላቸው። አንዱ የባንክ ዝውውር ስክሪን ሹት ልኮላቸው ሦስት ጥንድ ጫማ በሞተረኛ ወስዷል፤ ብሩ አልገባም። «ፎቶውን አይቼ አመንኩ» አሉ።

«እትዬ፣ የጫማ ፎቶ ጫማ አይደለም፤ የብር ፎቶም ብር አይደለም» አላቸው ጎረምሳው። በዚህ ተረብ እጅ ነስቼለታለሁ። ገንዘብ ገባ የሚባለው የሻጩ ስልክ ወይም የሻጩ ሒሳብ ሲናገር ነው። እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉት የክፍያ አገናኞች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፤ የክፍያው ማረጋገጫ ከገዢው ስክሪን ሳይሆን ከሲስተሙ ይመጣል። ግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም በ*127# ይሠራል። ስለዚህ ማንኛውም አፕ ወይም ዌብሳይት ሲቀርብላችሁ ከመልኩ በፊት «ቴሌብርና ባንክ እንዴት ይቀበላል?» በሉት።

ቀጥሎ ዌብሳይት ሠሪው የሠራውን ናሙና አሳየን። ቀለሙ ያምራል። አድራሻ መሙያው ላይ «ዚፕ ኮድ» ይላል፤ ሳይሞሉት አያሳልፍም።

«ዚፕ ኮድ ምንድነው?» አሉ እትዬ።

«የፖስታ ቁጥር ነው።»

«ጃክሮስ አደባባይ ቆሞ የሚደውልልኝ ሞተረኛው ነው፤ ፖስታ ቤቱ ደውሎልኝ አያውቅም።»

አጥፋው አልነው። በምትኩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሰፈር፣ ምልክት፣ ስልክ። «ሰሚት፣ ፊጋ ጋ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት።» ቡልቡላም ሆነ ጎሮ፣ የረር በርም ሆነ ሲኤምሲ ሚካኤል፣ የዚህች ከተማ አድራሻ ይኼ ነው። ፎርሙም በአማርኛ ይሁን፤ ገዢዋ የልጇን ጫማ ለማዘዝ ፈተና መቀመጥ የለባትም።

«የልጅ እግር ደግሞ በቁጥር አይታመንም» አሉ እትዬ። «የአንዱ 28 የሌላው 27 ነው።» ስለዚህ የውስጡን ርዝመት በሴንቲሜትር ይጻፍ፣ እናትየዋ የልጇን እግር ወረቀት ላይ አቁማ ታስምር፣ ከጠበበም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀየር እዚያው ፎቶው ሥር ይነገራት። ይህን ያለ ምንም አፕ መጻፍ ይቻላል፤ ያላደረገው ሰው ደግሞ የሞተረኛውን መመለሻ ከራሱ ይከፍላል።

አመሻሹ ላይ እትዬ ወሰኑ። ለአሁን የቴሌግራም ቻናል፣ ከጎኑ ደብተሩ። ዌብሳይቱን የእህታቸው ልጅ ቀስ ብሎ ይሠራዋል፣ ከመሄዱ በፊት ሌላ ሰው ያሠለጥንበታል፤ እትዬ ይህን ሲሉ ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። ጎረምሳው ስልካቸውን ተቀብሎ ቻናሉን ከፈተላቸው። እትዬ ከቦርሳቸው አንድ ሰማያዊ የሕፃን ጫማ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፣ ናፕኪኑን ገልብጠው ዋጋውን በትልቁ ጻፉና ሥሩ አደረጉት። ፎቶው ተነሳ፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለደብተሩ ሰዎች ተላከ።

ሒሳብ ከፍለን ሳንነሳ ስልኩ ጮኸ። ጎረምሳው አነበበላቸው፦ «ሰላም እትዬ፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?»

እትዬ ስልኩን ተቀበሉት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፣ ከመላካቸውም በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን፦

«የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የተጻፈው ነው፣ የኔ ልጅ። የልጅሽ እግር ስንት ሴንቲሜትር ነው?»